ክንፍ አልባዋ ተርብ በእህል በረንዳ

መምህሩ መጀመሪያ ወደ ሱቄ የገባ ዕለት ለአንድ እድር የስብሰባ ጥሪ እየጻፍኩ ነበር። ክረምት ነው። በብብቱ ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ወፍራም የወረቀት ክምር ይዟል፤ በሌላው እጁ ውሃ የሚያንጠባጥብ ጃንጥላ። ጃንጥላውን የት እንደሚያሳርፈው ጨንቆት በሩ ላይ ቆመ። አልፈርድበትም። ሱቄ ማለት አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ማተሚያ፣ ሁለት ዱካና እኔ ነን። ሌላ ነገር ከገባ እኔ መውጣት አለብኝ።

"አማርኛ ትጽፊያለሽ?" አለኝ።

"ማመልከቻ፣ ውል፣ የጨረታ ሰነድ፣ የመጣውን ሁሉ እጽፋለሁ። የእርስዎ ምንድን ነው?"

"መጽሐፍ ነው።" ወረቀቱን ዝቅ ብሎ አየውና ያፈረ መሰለኝ። "ትንሽ መጽሐፍ" ብሎ አረመው።

መንግሥት ከተለወጠ አምስት ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው። ኮምፒውተር በመርካቶ ገና ብርቅ ነበር። እኔ በጽሕፈት መኪና ጣቶቼን አፍታትቼ፣ ኮምፒውተሩን ደግሞ ሦስት ወር ተምሬ፣ እህል በረንዳ ዳር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቻለሁ። አከራዬ ሐጂ ናቸው። በልጅነታቸው ከስልጤ አገር መጥተው በመርካቶ ያረጁ የስንዴና የጥራጥሬ ጅምላ ነጋዴ። ክፍሌን ከመጋዘናቸው የሚለያት የጣውላ ግድግዳ ስለነበር የእነሱ አቧራ የእኔም አቧራ ነበር። እኩለ ቀን ላይ የኮምፒውተሬ ፊደሎች ዱቄት የተነሰነሰባቸው ይመስላሉ። ጠዋትና ማታ በብሩሽ አራግፋቸዋለሁ።

መምህሩ ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የግብርና ኮሌጅ ያስተምራል። እናቱ አብነት ስለሚኖሩ በየቅዳሜው ሊጠይቃቸው ይመጣል፤ ከእሳቸው ሲመለስ እኔ ጋ ብቅ ሊል ተስማማን። ወረቀቱን ተቀበልኩ። የእጅ ጽሑፉ ቸኩሎ የሸሸ ነገር ይመስላል። አንድ ሳምንት ሙሉ ዓይኔን እያጠበብኩ የመጀመሪያዎቹን ገጾች ጻፍኩና ቅዳሜ ሲመጣ አትሜ ሰጠሁት። ርዕሱን ሲያይ ፊቱ መጀመሪያ ገረጣ፣ ቀጥሎ ቀላ፣ ከዚያ ዱካው ላይ ተቀምጦ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

"የጥገኛ ተረቦች መለያ" ብዬ ነበር የጻፍኩት።

"ተርቦች ነው እኮ" አለ ዓይኑን እየጠረገ። "ተርብ! የሚበረው!"

"እኔ ምን ላድርግ፣ የእርስዎ 'ር' እግር አለው። የሰው ተረብ ሰብስቦ የራሱ አስመስሎ የሚያወራ በሰፈራችን ሞልቷል። እነሱን ያጠኑ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።"

"አራቱን ገጽ ስትጽፊ አልተጠራጠርሽም?"

"'ሴቷ ረጅም መርፌ አላት' የሚለው ላይ ትንሽ ተጠራጥሬያለሁ።"

እንግዲህ ሥራውን ያስረዳኝ ያን ጊዜ ነው። ጥገኛ ተርቦች የሚባሉት አብዛኞቹ ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማይበልጡ ናቸው። ሴቷ እንቁላሏን በሌላ ነፍሳት አካል ላይ ወይም ውስጥ ትጥላለች። ትሉ ሲፈለፈል ያስጠጋውን ነፍሳት እየበላ ያድጋል፤ ሲወጣ ያ አስጠጊ ሞቷል። የእህልና የአትክልት ተባይ የሚጨርሱልን እነዚህ ናቸው፤ የግብርና ሠራተኞች ግን ጠላትና ወዳጁን ስለማይለዩ ሁሉንም በመድኃኒት ይጨርሷቸዋል። ትንሹ መጽሐፍ የታሰበው ለእነሱ ነበር። በአማርኛ እንዲህ ያለ መለያ አላየም፤ ለዚህ ነው ራሱ የጻፈው።

"ጥገኛማ እንዲህ አያደርግም" አልኩት። "የአክስቴ ልጅ ሦስት ዓመት እኛ ቤት ተጠግቶ ኖሯል። ማንንም አልበላም።"

መምህሩ እንደገና ይስቃል ብዬ ስጠብቅ ብድግ አለ። "ልክ ነሽ! ትክክለኛ ጥገኛ አስጠጊውን አይገድልም። የሙያ ጓደኞቼም የሚከራከሩት በዚሁ ነው።" እስክሪብቶውን አውጥቶ ስለ አክስቴ ልጅ ይመስለኛል አንድ ነገር ጻፈ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ የክርክር ቀን ሆነ። ለተርብ የሰውነት ክፍሎች ሁሉ አማርኛ እያጣ ከእኔ ጋር ይማከራል። ለአንቴናው "ስሜት ጠቋሚ ቀንድ" ብሎ ነበር። "አንቴና ይበሉት፣ በየሰዉ ጣራ ላይ አለ" አልኩት። ደረትና ሆዷ የሚገናኙበትን ቀጭን ነገር አምስት ቃል ፈጅቶ ሲያብራራው፣ "ወገብ" አልኩት። "ወገብ" አለና አምስቱንም ቃል ሰረዘ። ቤተሰብ የሚባለውን የምደባ እርከን መዝገበ ቃላቱ "አስተኔ" ይለዋል፤ እኔም እሱም አፋችን አልለምደው አለ። ቤተሰብ ብለን ተውነው።

መለያው የተሠራው በጥያቄ ነው። ተርቧን ትይዣለሽ፣ ከቁጥር አንድ ትጀምሪያለሽ። እያንዳንዱ ቁጥር ሁለት ምርጫ አለው። ወገቧ ወፍራም ነው ወይስ ቀጭን? ወፍራም ከሆነ ወዲህ ሂጂ፣ ቀጭን ከሆነ ወዲያ። የክንፏ ጅማት ብዙ ነው ወይስ አንድ ብቻ? እንዲህ እያልሽ ከቁጥር ወደ ቁጥር ስትዘይ መጨረሻ ላይ የቤተሰቧ ስም ላይ ትደርሻለሽ። ስጽፈው መንገድ የጠየቀ እንግዳን ከሲኒማ ራስ አስነስቼ በየታክሲ ማቆሚያው እያሳለፍኩ ደጃፉ ድረስ የማደርሰው ይመስለኝ ነበር።

ከመለያው ፊት የዝምድና ዛፍ ነበረው። ያኔ ኮምፒውተሩ ላይ መስመር መሳል ስቃይ ነው፤ ሁለት ቀን ታግዬ ሳበቃ ደስ ብሎኝ አንዱን ቅጂ ግድግዳዬ ላይ ለጠፍኩት። በማግስቱ ሐጂ ሊጠይቁኝ ብቅ ሲሉ ዓይናቸው እዚያ ላይ ቀረ። መነጽራቸውን አደረጉ።

"አንቺ ልጅ፣ ይሄ የማን ዘር ነው?"

"የተርብ ነው ሐጂ።"

"ተርብ አባቶቿን ትቆጥራለች?"

"መምህሩ ነው የሚቆጥርላት።"

ቅዳሜ ሐጂ ሰዓቱን ጠብቀው መጡ። አንዱን ዱካ ያዙ፤ መምህሩ ሌላውን፤ እኔ ቆሜ ቀረሁ። መምህሩ ከዛፉ ሥር ጀመረ። ጥንታዊዎቹ ወገባቸው ያልቀጠነ፣ ልጆቻቸው ቅጠልና እንጨት የሚበሉ ናቸው። ከእነሱ አንዱ ዘር እንጨቱን ትቶ እንጨት ውስጥ ያለውን ትል መብላት ጀመረ። ይህ ነገር በረጅሙ የዘር ታሪካቸው አንድ ጊዜ ብቻ የተጀመረ ይመስላል፤ እነዚያ ሁሉ ጥገኞች ከዚያ አንድ ዘር ይወጣሉ። ቀጥሎ ወገባቸው ቀጠነ፤ ቀጭን ወገብ ያላት ሆዷን እንደልቧ አጥፋ እንቁላሏን የፈለገችበት ትጥላለች። ከእነዚህ ደግሞ በአንዱ ቅርንጫፍ እንቁላል መጣያው ቱቦ ወደ መናደፊያ መርፌ ተለወጠ።

"ለዚህ ነው የምትናደፈው ሴቷ ብቻ የሆነችው" አለ መምህሩ። "ወንዱ ከመጀመሪያውም መሣሪያው የለውም።"

ሐጂ ወደ እኔ ዞረው፣ "ይህን ለሚስቴ እንዳትነግሪያት" አሉ። ከዚያ ጣታቸው በመናደፊያው ቅርንጫፍ ሽቅብ ሄዶ ጫፉ ላይ ቆመ። "ንብ እዚህ ምን ትሠራለች?"

"ከዚሁ ዘር ናት። ጉንዳንም እንዲሁ።"

"አውጣት።" ሐጂ ሲቆጡ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። "ንብ የተከበረች ፍጥረት ናት። በቁርኣን ስሟ ተነሥቷል። ነፍሰ ገዳይ መሃል አታስቀምጣት።"

እኔ በልቤ አለቀልን፣ ክፍሉንም ልለቅ ነው አልኩ። መምህሩ ግን ቀስ ብሎ፣ "ሐጂ፣ እርስዎ አባቶችዎን እስከ ስንት ይቆጥራሉ?" አላቸው።

ሐጂ ይህን ሲጠየቁ ማን ሊያቆማቸው! በጣታቸው እየያዙ አሥራ አንድ አባት ያለ እረፍት ወረዱት።

"ከሰባተኛው አባትዎ ልጆች አንዱ ርቆ ሄደ እንበል። ሥራውን ቀየረ፣ ከበረ፣ ስሙም በሌላ አገር ተጠራ። ከዘሩ ይወጣል?"

"እንዴት ተደርጎ! ደም ነው እንጂ ሥራ ነው እንዴ!"

"ንብም ሥራ ቀየረች እንጂ ከዘሩ አልወጣችም። ችግሩ ያለው በእኛ ስም ላይ ነው። 'ጥገኛ ተርቦች' ስንል ንብንና ጉንዳንን ትተን የቀሩትን ነው የምንጠራው። ስለዚህ ሙሉ የዘር ስም አይደለም።"

ሐጂ አገጫቸውን ይዘው ዛፉን ከታች እስከ ላይ አዩት። "እንደ 'ነጋዴ' ነዋ" አሉ። "ነጋዴ የሥራ ስም ነው። ወንድሜ አገር ቤት ገበሬ ነው፤ ነጋዴ ባይሆንም ወንድሜ ነው።"

መምህሩ ከዱካው ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። "ኮሌጅ ውስጥ ይህን ለማስረዳት አንድ ሙሉ ሳምንት ይፈጅብኛል!" አለ። የሐጂን ቃል እንዳለ መጽሐፉ ውስጥ አስገባሁት።

መስከረም ጠብቶ ጽሑፉ ወደ ማለቁ ሲደርስ መምህሩ አንድ የእጅ ማጉያና የተርብ ሬሳ የያዙ ትንንሽ ጠርሙሶች አመጣልኝ። "ይህን ትምህርት ያልተማረ ሰው ይሞክረው። አንቺ ከደረስሽ ሠራተኞቹም ይደርሳሉ" አለ። ከዚያ ወዲህ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ሁሉ ማጉያውን ዓይኔ ላይ ለጥፌ እውላለሁ። የመጀመሪያዋን ተርብ ከቁጥር አንድ ተነስቼ፣ አራት ጊዜ ተሳስቼ፣ በአምስተኛው ትክክለኛው ቤተሰብ ላይ ስደርስ ጮህኩ። የቤት ችግር ማመልከቻ ሊያስጽፉ የተቀመጡ አንድ ሰው ደንግጠው፣ "ተፈቀደልኝ?" አሉ።

እንዲህ ደስታ ላይ እያለሁ ነው እትዬ የመጡት። እሳቸው በሐጂ መጋዘን ውስጥ እህል የሚያበጥሩና የሚለቅሙ ሴት ናቸው። ድንጋይና እንክርዳድ ከስንዴ ሲለቅሙ ጣታቸው አይታይም። ምሳቸውን አንዳንዴ እኔ ጋ ይበላሉ። የዚያን ቀን ክንዳቸውን ገልጠው አሳዩኝ፤ ቀይ በቀይ ሆኗል።

"ቁንጫ ፈጀኝ" አሉ። "ሐጂ የቁንጫ ዱቄት አስረጩ፤ እኔ አስነጠሰኝ እንጂ እሷን ምንም አላላት። ዛሬ አንዷን ይዣታለሁ።" የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱ።

ነጠላው ላይ ያለችው ጥቁር፣ ቀጭን፣ የሰሊጥ ፍሬ የማታህል ናት። ክንፍ የላትም። "ጉንዳን ናት እትዬ" አልኳቸው።

"ጉንዳንማ አውቃለሁ። ጉንዳን ተሰልፎ ነው የሚሄደው፤ ይቺ ብቻዋን ናት። ደግሞ ጉንዳን ሲነክስ በአፉ ይይዝሻል፤ ይቺ በጭራዋ ነው የወጋችኝ።"

በጭራዋ! ማጉያዬን አነሳሁ። ቁጥር አንድ፣ ወገቧ ቀጭን፣ ወደ ሁለት ሂጂ። ቁጥር ሁለት፣ ክንፍ የላትም፣ ወደ አሥራ ዘጠኝ ሂጂ። አሥራ ዘጠኝ እንዲህ ይላል፤ ወገቡ ላይ ጉብታ ካለ ጉንዳን ነው፤ ከሌለ ክንፉ ተሰብሮ ይሆናልና ወደ ሦስት ሂጂ። ወገቧን አየሁ። ጉብታ የለም። ሦስት ላይ ስደርስ ደግሞ የክንፏን ጅማት ቁጠሪ ይለኛል። የትኛውን ክንፍ? ወደ ሁለት ተመለስኩ። ሁለት፣ አሥራ ዘጠኝ፣ ሦስት፣ እንደገና ሁለት። ከሰዓቱን በሙሉ አንድ ቀለበት ስዞር ዋልኩ። እትዬ አንገታቸውን አስግገው፣ "ምን ትላለች?" ይሉኛል በየመሃሉ። ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ ተርቧን በባዶ የመርፌ ብልቃጥ ውስጥ አስቀመጥኳት።

ቅዳሜ መምህሩ ብልቃጡን ከሩቅ አየት አድርጎ፣ "ጉንዳን" አለ።

"ጉብታ የላትም።"

"በእጅ ማጉያ አይታይሽ ይሆናል።"

"ከእርስዎ ጠርሙሶች ውስጥ ያለው ጉንዳን ታይቶኛል።"

"ክንፉ የተሰበረ ተርብ ይሆናላ።"

"ክንፉ ከተሰበረ ሥሩ ይቀራል ብለህ ገጽ ስድስት ላይ የጻፍከው አንተ ነህ! የዚች ትከሻ እንደ እንቁላል ልሙጥ ነው!"

አንተ ማለቴ የታወቀኝ አፌ ከተዘጋ በኋላ ነው። በሰባት ስምንት ዓመት ይበልጠኛል፤ መምህር ነው፤ ደንበኛዬም ነው። መሬት ብትውጠኝ ወደድኩ። እሱ ግን የሰማም አይመስል። ማጉያውን ከእጄ ወስዶ ብልቃጡን ወደ በሩ ብርሃን ይዞ ወጣ። ተሸካሚዎች ኩንታል ይዘው "መንገድ! መንገድ!" እያሉ ይገፉታል፤ እሱ እንደ ምሰሶ ቆሟል። ብዙ ቆይቶ ተመለሰ። ጃንጥላውን ውጭ ጥሎታል።

"ስንቷን ጥያለሁ!" አለ። "ከእህል ውስጥ ሲወጡ ጉንዳን እያልኩ ስንቷን ጠርጌ ጥያለሁ! ይቺ ተርብ ናት። ጠፍጣፋ ራስ ካላቸው ቤተሰብ፤ ሴቶቻቸው አንዳንዴ ክንፍ የላቸውም። በመጽሐፍ አውቃታለሁ፤ በዓይኔ ግን ለይቻት አላውቅም። መለያዬን ስጽፍ ክንፍ ያላቸውን ብቻ ደርድሬ ነው የጻፍኩት።"

"ታዲያ መለያው ተበላሸ?"

"ተበላሸ!" አለ በደስታ። እንዲህ በመሳሳቱ የተደሰተ ሰው ከዚያ በፊት አላየሁም። ወደ ግድግዳው ዛፍ ሄደና ጥገኞቹና ተናዳፊዎቹ የሚለያዩበት መገንጠያ አጠገብ ጣቱን አስቀመጠ። "ቦታዋ እዚህ ነው። መናደፊያ አላት፣ ሥራዋ ግን ገና የጥገኛ ነው። የነቀዝ ትል ትወጋና ታደነዝዛለች፤ ከዚያ እንቁላሏን ላዩ ላይ ትጥላለች። መገንጠያው ላይ ከቀሩት ዘመዶች አንዷ ናት።"

እትዬን የወጋቸው የእንቁላል ቱቦ ከነበረው ነገር የመጣ መርፌ መሆኑን ስነግራቸው ክንዳቸውን በአዲስ ዓይን አዩት።

ቀሪው ሐጂን ማስፈቀድ ነበር። መምህሩ ከመጋዘኑ የእህል ጥራጊ ወስዶ ወንዷን ሊፈልግ ይፈልጋል። ሐጂ ገና "ነቀዝ" የሚለውን ቃል ሲሰሙ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

"በእኔ መጋዘን ነቀዝ የለም።"

"ሐጂ..." አለ መምህሩ።

"የለም አልኩ። ይህ ወሬ በረንዳው ላይ ከተሰማ ማን ከእኔ ይገዛል?"

እትዬ ከጓሮ መጡ። "ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ነቀዝማ አለ። ጥግ ያለው የአምናው ስንዴ ውስጥ። ግን ካቻምና ከነበረው ዘንድሮ አንሷል። ለምን እንደሆነ አሁን ነው የገባኝ። እነዚህ ናቸው የሚለቅሙት።"

ሐጂ ብልቃጡን ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። "ይቺ? ነቀዝ ትገድላለች?"

"ትሉን" አለ መምህሩ። "ቀን ሌሊት።"

"ምን ትበላለች?"

"ያንኑ።"

ሐጂ ብልቃጡን መለሱና፣ "እና እኔ የቁንጫ ዱቄት ረጨሁባት!" አሉ። የእውነት አዝነው ነበር። ፈቀዱ። ስማቸውና የመጋዘናቸው ቦታ መጽሐፉ ላይ እንዳይጻፍ ግን ቃል አስገቡን። ይኸው እስከ ዛሬ ጠብቄላቸዋለሁ።

የአምናውን ስንዴ በወንፊት ነፋነው። መምህሩ እጅጌውን ሰብስቦ፣ እትዬ እየመሩት፣ እኔ ነጭ አቡጀዲ ዘርግቼ። እትዬ ትል ያለበትን ፍሬ ሳይሰብሩት ያውቁታል፤ መዳፋቸው ላይ አገላብጠው "ይሄ ቀላል ነው" ብለው ይለያሉ። ጥራጊውን በሁለት ባዶ የማር ጠርሙስ ሞላን፤ አፉን በሻሽ አሰርንና ኮምፒውተሬ አጠገብ አስቀመጥነው። ሐጂ ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ፣ መጋዘናቸውን ሳይከፍቱ፣ በሬ ላይ ብቅ ይላሉ።

"እንግዶቹ እንዴት አደሩ?"

"ደህና ናቸው ሐጂ። እስካሁን የወጣ የለም።"

በሦስተኛው ሳምንት፣ በምሳ ሰዓት፣ እትዬ ጉርሻቸውን በእጃቸው እንደያዙ ጠርሙሱ ላይ አቀረቀሩ። "ልጄ፣ ነይ እስቲ። ይሄ ክንፋሙ ያቺን እየተከተላት ነው።"

አየሁ። ክንፍ ያለው፣ ከእሷ ያነሰ፣ ቀጭን ነገር ነው። ክንፍ አልባዋን ተከትሎ በጠርሙሱ ግድግዳ ይወጣል፤ አንቴናውን እያርገበገበ ይቀርባታል፤ ትሸሻለች፤ ይከተላል። በመጨረሻ ቆመችለት።

"ባሏ ነው!" አሉ እትዬ፣ እልል ብለው። ተሸካሚዎች ሁለት ሆነው ሮጠው ገቡ። ሐጂም ደረሱ። አምስታችን በየተራ ስናይ ጠርሙሱ በእጅ መዳፍ አሻራ ጠቆረ።

መምህሩ ቅዳሜ ሲመጣ ክንፋሙን በማጉያ አየና ቦርሳውን ፈታ። በመርፌ የተሰኩ ተርቦች ያሉበት ሣጥን አወጣ። ጥግ ላይ "ያልታወቀ" የሚል ጽሑፍ ሥር ሦስት ክንፋሞች አሉ። ያው ራሱ ነው። ወንዱን ያልታወቀ ብሎ ለብቻው አስቀምጦ፣ ሴቲቱን ጉንዳን ብሎ ጥሏት ኖሯል።

"ባልና ሚስት ለያይቼ!" አለ።

"አስታረቅንልህ" አሉት እትዬ።

ቁጥር አሥራ ዘጠኝን አዲስ አድርገን ጻፍን። መምህሩ ቃሉን ለእኔ ተወው። "አንቺ ነሽ የዞርሽበት፤ መውጫውን አንቺ አበጂው" አለ። ከአሥር ጊዜ በላይ ደመሰስኩት። በመጨረሻ ይህን ጻፍኩ፤ "ክንፍ የለውም፤ የክንፍ ሥርም የለውም፤ ጉንዳን ይመስላል፤ ወገቡን ሲያዩት ግን ጉብታ የለውም።" በሕይወቴ ከጻፍኩት ማመልከቻና ውል ሁሉ እንደዚያች አንድ መስመር ያኮራኝ የለም። መምህሩም ሳይነካት አሳለፋት።

መጽሐፉ በኮሌጁ ማባዣ ታትሞ፣ በሽቦ ተሰፍቶ ለሠራተኞች ታደለ። በሚታደልበት ዕለት መምህሩ ለሠራተኞቹ ወደሚሰጠው ስልጠና ጋበዘኝ። ሱቄን ዘግቼ፣ ጠርሙሶቹን በጭኔ ላይ አቅፌ በአውቶቡስ ሄድኩ። ከየገጠሩ የመጡ ሠራተኞች በረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ማጉያ እየተቀባበሉ፣ ጮክ ብለው ቁጥር እየተጠራሩ ተርቦቼን ለዩ። አንዲት ወጣት ሠራተኛ አሥራ ዘጠኝ ላይ ስትደርስ አቆመች። ጣቷን በመስመሯ ላይ አስኬደች፣ ማጉያውን አነሳች፣ የተርቧን ወገብ አየች፣ እና ወደ ትክክለኛው ቤተሰብ ሄደች። መምህሩ ከክፍሉ ማዶ ሆኖ ቅንድቡን አነሳልኝ።

በመጽሐፉ ጀርባ ላይ ለጥያቄ የሚላክበት አድራሻ የሱቄ ፖስታ ሣጥን ነበር። የኮሌጁ ደብዳቤ ይጠፋል ብሎ መምህሩ ነው ያስገባው። ማንም አይጽፍም ብዬ ነበር፤ በጥር ወር ግን ከሩቅ ወረዳ አንድ ጥቅል መጣ። በክር የታሰረ የክብሪት ሣጥን ነው። ከእሱ ጋር ባለው ወረቀት ላይ አንድ ሠራተኛ፣ "ከጎመን ላይ ያገኘሁት ትል ሞቶ በላዩ ላይ ጥጥ የመሰለ ነገር ወጥቷል፤ የየትኛው ቤተሰብ እንደሆነ ብትነግሩኝ" ይላል። ዕለቱ ቅዳሜ ነው። መምህሩ ዱካው ላይ ነው፣ ሐጂ ሌላው ላይ፣ እትዬ በሩን ተደግፈዋል፤ አንድ ነጋዴ የጨረታ ሰነዱን ቆሞ ይጠብቃል። ክሩን በጥርሴ በጠስኩና ሣጥኑን ከፈትኩት።

ጥጡ የተርብ ትሎች የተጠቀለሉበት ጎጆ ነበር፤ በመንገድ ላይ ተፈልፍሎ ኖሯል። እንደ ጭስ ብን ብለው ወጡ። ሃያ ይሁኑ ሠላሳ፣ እያንዳንዳቸው ነጥብ የሚያህሉ ጥቋቁር ተርቦች። "በሩን! በሩን!" አለ መምህሩ። እትዬ በነጠላቸው በሩን ጋረዱ። ክፍሉ ሲጨልም ተርቦቹ ብርሃን ወዳለበት ሁሉም አንድ ላይ ሄዱ፤ ወደ ኮምፒውተሬ መስታወት። በነጋዴው ሰነድ ፊደላት ላይ አረፉና መራመድ ጀመሩ። አንዷ "ሐ" ላይ ቆመች፤ አንዷ ከመስመር ወደ መስመር ወረደች፤ ሁለቱ በአራት ነጥብ ዙሪያ ዞሩ።

"ይሄ ሁሉ ከአንድ ትል?" አሉ ሐጂ በሹክሹክታ።

"ከአንድ ትል" አለ መምህሩ።

ነጋዴው ጉሮሮውን ጠራረገ። "እህቴ፣ የእኔ ሰነድስ?"

"ይታገሡኝ" አልኩት፣ ማጉያዬን መስታወቱ ላይ አስጠግቼ። "ቁጥር አንድ፣ ወገቧ ቀጭን።"

"ወደ ሁለት ሂጂ" አሉ ሐጂ ከኋላዬ።